ኤንሪኮ ፌርሚ

ኤንሪኮ ፌርሚ (ሴፕቴምበር 29 ቀን 1901፣ ሮማ – ኖቬምበር 28 ቀን 1954፣ ቺካጎ) በጣልያን አገር ተወልዶ በኋላ የአሜሪካ ዜግነት የወሰደ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። በሰው እጅ ከተሠሩት ሁሉ የመጀመሪያ የሆነውን የኒውክለር ማብለያ (ሪአክተር) ዲሴምበር 2 ቀን 1942 በቺካጎ ሥራ ያስጀመረው የምርምር ቡድን መሪ በመሆኑ ይታወቃል። በ1938 የኖቤል ሽልማት በፊዚክስ ተቀብሏል። በንድፈ ሐሳብም በሙከራም እኩል የተካነ በመሆኑ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከነበሩት ሊቃውንት መካከል ልዩ ቦታ ይሰጠዋል። ዛሬ በሪአክተር ደኅንነት ጥናት፣ ሪአክተርን በኮምፒውተር አስመስሎ በማስላትና በጨረራ አመንጪ ዝቃጭ አያያዝ ዘርፎች የሚነሡ ብዙ ጥያቄዎች መነሻቸው የእሱ ሥራ ነው።

በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ፌርሚ የተወለደው በሮማ ከተማ ነው። አባቱ አልቤርቶ ፌርሚ የባቡር ሐዲድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ እናቱ ኢዳ ደ ጋቲስ ደግሞ አስተማሪ ነበሩ። ማሪያ የምትባል ታላቅ እኅትና በአንድ ዓመት የሚበልጠው ጁልዮ የሚባል ወንድም ነበረው። ሁለቱ ወንድማማቾች አብረው የኤሌክትሪክ ሞተሮችንና መጫወቻዎችን እየሠሩ አደጉ። በ1915 ጁልዮ ለጉሮሮ ሕመም ቀላል የተባለ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ሞተ። ኤንሪኮ ያን ጊዜ ገና 13 ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ኀዘኑን በመጻሕፍት ንባብ መርሳት ያዘ። ካምፖ ደ ፊዮሪ በተባለው የሮማ ገበያ ያገኘውን በላቲን የተጻፈ ወፍራም የፊዚክስ መጽሐፍ ገዝቶ ከዳር እስከ ዳር አነበበው። የአባቱ የሥራ ባልደረባ የነበረው መሐንዲስ አዶልፎ አሚዴይ የልጁን ችሎታ አይቶ የሒሳብና የፊዚክስ መጻሕፍትን በየተራ ያውሰው ነበር።

በ1918 በፒሳ ከተማ ወደሚገኘው ስኩኦላ ኖርማሌ ለመግባት ተፈተነ። ስለ ድምፅ ባሕርይ ለቀረበው ጥያቄ የሰጠው መልስ ከአንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚጠበቅ ስላልነበረ ፈታኙን እጅግ አስደነቀ። በ1922፣ ገና 21 ዓመት ሳይሞላው፣ የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። ከዚያም በጀርመን ጎቲንገን ከማክስ ቦርን ዘንድ፣ በኔዘርላንድ ላይደን ደግሞ ከፓውል ኤረንፌስት ዘንድ ለጥቂት ወራት ተማረ።

የሮማ ዓመታት

በ1926 ፌርሚ እንደ ኤሌክትሮን ያሉ ቅንጣቶች በብዛት ሲሰባሰቡ እንዴት እንደሚደራጁ የሚገልጽ ሒሳባዊ ሕግ አወጣ። እንግሊዛዊው ፖል ዲራክም በዚያው ዓመት ለብቻው ደርሶበት ስለነበር ሕጉ የፌርሚ-ዲራክ ስታቲስቲክስ ተባለ። ዛሬ የኮምፒውተር ቺፖች የሚሠሩባቸውን ሴሚኮንዳክተሮች ለመረዳት ይህ ሕግ የግድ ያስፈልጋል። በዚያው ዓመት በሮማ ዩኒቨርሲቲ የንድፈ ሐሳባዊ ፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆነ።

በፕሮፌሰር ኦርሶ ማርዮ ኮርቢኖ ድጋፍ በፓኒስፔርና መንገድ በሚገኘው የፊዚክስ ተቋም ወጣት ተመራማሪዎችን አሰባሰበ። ፍራንኮ ራሴቲ፣ ኤሚልዮ ሴግሬ፣ ኤዶአርዶ አማልዲ፣ ኤቶሬ ማዮራና፣ ብሩኖ ፖንቴኮርቮና የኬሚስትሪ ባለሙያው ኦስካር ዳጎስቲኖ ከእነዚህ መካከል ነበሩ። ጓደኞቹ ፌርሚን «ፓፓው» እያሉ ይጠሩት ነበር፤ እንደ ሮማው ፓፓ አይሳሳትም ለማለት ነው። በ1928 ላውራ ካፖንን አገባ፤ ኔላና ጁልዮ የተባሉ ሁለት ልጆችም ወለዱ።

በ1933 መጨረሻ ስለ ቤታ ጨረራ አዲስ ንድፈ ሐሳብ አዘጋጀ። በዚህ ሐሳብ መሠረት በአቶም እምብርት ያለ ኒውትሮን ወደ ፕሮቶን ሲለወጥ ኤሌክትሮንና ኒውትሪኖ የተባለ እጅግ ቀላል ቅንጣት አብረው ይፈጠራሉ። ኔቸር የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ጽሑፉን ከእውነታ የራቀ ነው ብሎ ሳይቀበለው ቀረ፤ ፌርሚም በጣልያንኛና በጀርመንኛ አሳተመው። ከጊዜ በኋላ ንድፈ ሐሳቡ በዘመናዊ ፊዚክስ መሠረት ከሆኑት አንዱ ሆነ።

ዝግ ያሉ ኒውትሮኖች

በ1934 መጀመሪያ አይሬን ኩሪና ፍሬዴሪክ ዦሊዮ በአልፋ ቅንጣት አማካይነት ሰው ሠራሽ ጨረራ አመንጪ ንጥረ ነገር ማግኘታቸውን አስታወቁ። ፌርሚ በአልፋ ፈንታ የኤሌክትሪክ ሙል የሌለውን ኒውትሮን ለመጠቀም አሰበ። ኒውትሮን ሙል ስለሌለው የአቶም እምብርት አይገፋውም፤ ስለዚህ በቀላሉ ይገባል። ቡድኑ ከሃይድሮጅን ጀምሮ የንጥረ ነገሮችን ሠንጠረዥ በተራ ሞከረ። የመጀመሪያዎቹ ምንም አላሳዩም፤ ፍሎሪን ላይ ሲደርሱ ግን መቁጠሪያው መቁጠር ጀመረ። ከዚያ በኋላ በርካታ አዳዲስ ጨረራ አመንጪ አይሶቶፖችን አገኙ።

በኦክቶበር 1934 አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ታየ፦ ሙከራው በእንጨት ጠረጴዛ ላይ ሲደረግ ውጤቱ በእብነ በረድ ጠረጴዛ ላይ ከሚደረገው ይበልጥ ነበር። ፌርሚ በኒውትሮኑ ምንጭና በዒላማው መካከል ፓራፊን (የሻማ ሰም) አስገባ፤ የተገኘው ጨረራ ብዙ እጥፍ ጨመረ። ምክንያቱን በዚያው ቀን ደረሰበት። በሰምም ሆነ በእንጨት ውስጥ ብዙ ሃይድሮጅን አለ፤ የሃይድሮጅን እምብርት ከኒውትሮን ጋር ክብደቱ እኩል ስለሆነ ኒውትሮኑ በተጋጨ ቁጥር ፍጥነቱን ያጣል። ዝግ ያለ ኒውትሮን ደግሞ በአቶም እምብርት አጠገብ ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚቆይ የመያዝ ዕድሉ ከፍ ይላል። ይህ ግኝት ዛሬ በአብዛኞቹ የኃይል ማመንጫ ሪአክተሮች ውስጥ ውሃ ኒውትሮንን የማዝገም ሥራ የሚሰጠው ለምን እንደሆነ ያስረዳል።

ያልታየው ክፍፍል

ቡድኑ በመጨረሻ ዩራኒየም ላይ ደረሰ። ከዩራኒየም የወጡት አዳዲስ ጨረራ አመንጪ ነገሮች ከጎረቤት ንጥረ ነገሮች ጋር የሚመሳሰሉ ስላልሆኑ፣ ከዩራኒየም የሚከብዱ 93ኛና 94ኛ ንጥረ ነገሮች ተገኝተዋል ተብሎ ታመነ፤ አውሶኒየምና ሄስፔሪየም የሚል ስምም ወጣላቸው። ጀርመናዊቷ የኬሚስትሪ ሊቅ ኢዳ ኖዳክ የዩራኒየም እምብርት ወደ ትላልቅ ቁርጥራጮች ተከፍሎ ሊሆን እንደሚችል በዚያው ዓመት ጻፈች፤ ነገር ግን ፌርሚን ጨምሮ ማንም በቁም ነገር አልወሰደውም።

በእርግጥ የሆነው እሷ የገመተችው ነበር። የሮማው ቡድን የዩራኒየምን የራሱን አልፋ ጨረራ ለመከላከል ናሙናውን በቀጭን የአሉሚኒየም ወረቀት ሸፍኖት ስለነበር፣ የክፍፍሉን ቁርጥራጮችም ወረቀቱ አስቀርቷቸዋል። ክፍፍሉ (ፊሽን) የታወቀው ኦቶ ሃንና ፍሪትዝ ሽትራስማን በበርሊን በዲሴምበር 1938 በዩራኒየም ናሙና ውስጥ ባሪየም ሲያገኙ፣ ሊዛ ማይትነርና ኦቶ ፍሪሽም ትርጓሜውን ሲሰጡ ነው። በዚያው ወር ፌርሚ በስቶክሆልም የኖቤል ሽልማቱን ተቀብሎ ባደረገው ንግግር የሁለቱን ንጥረ ነገሮች ስም ጠቅሶ ነበር። ጽሑፉ ሲታተም ግን የበርሊኑ ግኝት ጉዳዩን እንደገና መመርመር ግድ እንደሚያደርግ የሚገልጽ ማስታወሻ ጨመረበት። ሽልማቱ የተሰጠው ለዝግ ኒውትሮኖች ሥራም ጭምር ስለነበር ይህ ስሕተት ዋጋውን አልቀነሰውም።

ስደት ወደ አሜሪካ

በ1938 የሙሶሊኒ መንግሥት በአይሁዶች ላይ የዘር ሕጎችን አወጣ። ላውራ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደች በመሆኗ ሕጉ ቤተሰቡን በቀጥታ ነካ። ፌርሚና ቤተሰቡ ለሽልማቱ ወደ ስቶክሆልም ሲሄዱ ወደ ሮማ ላለመመለስ ወስነው ነበር። ከስዊድን ተነሥተው በመርከብ ጃንዋሪ 2 ቀን 1939 ኒው ዮርክ ገቡ። በጣልያን የቀሩት የላውራ አባት አድሚራል አውጉስቶ ካፖን በ1943 ሮማ በጀርመኖች እጅ ስትገባ ተይዘው በአውሽቪትዝ ተገደሉ።

ፌርሚ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀመረ። ከሃንጋሪያዊው ስደተኛ ሊዮ ዚላርድና ከወጣቱ ኸርበርት አንደርሰን ጋር የክፍፍሉ ሰንሰለት ራሱን ችሎ ሊቀጥል ይችል እንደሆነ መመርመር ያዘ። አንድ የዩራኒየም እምብርት ሲከፈል በአማካይ ከሁለት የሚበልጡ አዳዲስ ኒውትሮኖችን ይለቃል። ከእነዚህ ቢያንስ አንዱ ሌላ እምብርት ከከፈለ ሰንሰለቱ ይቀጥላል። ለማዝገሚያ የመረጡት የእርሳስ መጻፊያ ውስጠኛ ክፍል የሚሠራበትን ግራፋይት ነው። ነገር ግን በገበያ የሚገኘው ግራፋይት ጥቂት ቦሮን ስላለበትና ቦሮን ኒውትሮንን ስለሚውጥ፣ ኩባንያዎች የጠራ ግራፋይት እንዲያመርቱ ማድረግ አስፈለገ። በጀርመን የነበሩት ተመራማሪዎች በበቂ ያልጠራ ግራፋይት ለክተው አይሠራም በማለት ወደ ከባድ ውሃ ዞሩ።

አሜሪካና ጣልያን በዲሴምበር 1941 ጦርነት ውስጥ ሲገቡ ፌርሚ በሕግ የጠላት አገር ዜጋ ሆነ። የአገሪቱን ትልቁን ምስጢር ከያዙት ሰዎች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ከከተማ ወደ ከተማ ለመሄድ ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። ጣልያኖች ከዚህ ገደብ ነፃ የወጡት በኦክቶበር 1942 ነው። የአሜሪካ ዜግነት ያገኘው በ1944 ነበር።

ቺካጎ ፓይል-1

በ1942 ሥራው በአርተር ኮምፕተን መሪነት ወደ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። የመጀመሪያው ማብለያ ከከተማው ውጭ በአርጎን ደን እንዲሠራ ታቅዶ ነበር፤ የግንባታ ሠራተኞች ሥራ በማቆማቸው ሕንፃው አልደረሰም። ፌርሚም በዩኒቨርሲቲው የስታግ ፊልድ ስታዲየም ደረጃዎች ሥር ባለ የኳስ መጫወቻ አዳራሽ ውስጥ እንዲሠራ ሐሳብ አቀረበ። ኮምፕተን የዩኒቨርሲቲውን ፕሬዚዳንት ሳያማክር ተስማማ። ከ3 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ በሚኖርበት ከተማ መካከል ከዚያ በፊት ማንም ያልሞከረው ነገር ሊሞከር ነው።

ማብለያው ወደ 45,000 የሚጠጉ የግራፋይት ጡቦች በ57 ድርብርብ የተካቡበት ክምር ነበር፤ የእንግሊዝኛ ስሙ «ፓይል» ክምር ማለት የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። በጡቦቹ ውስጥ ዩራኒየምና የዩራኒየም ኦክሳይድ በእኩል ርቀት ተቀምጠዋል። ማቀዝቀዣም ሆነ ጨረራን የሚከላከል ግድግዳ አልነበረውም። ይህ የተቻለው ኃይሉ ከአንድ ዋት በታች እንዲሆን ስለታሰበ ነው።

ዲሴምበር 2 ቀን ጠዋት ወደ 50 የሚጠጉ ሰዎች ተሰበሰቡ። ጆርጅ ዌል የመጨረሻውን መቆጣጠሪያ ዘንግ በፌርሚ ትእዛዝ በየጥቂቱ ይስብ ነበር። ፌርሚ በእያንዳንዱ እርምጃ የኒውትሮኑ ቁጥር የት ደርሶ እንደሚቆም በእጁ በያዘው ስላይድ ሩል አስልቶ አስቀድሞ ይናገር ነበር። ከቀትር በፊት በድንገት ራስ-ሰር የደኅንነት ዘንጉ ወርዶ ሥራውን አቆመው፤ የማቆሚያው ወሰን ከሚገባው በታች ተደርጎ ስለነበር ነው። ፌርሚ ምሳ እንዲበላ አዘዘ። ከሰዓት በኋላ ሥራው ቀጠለ፤ ዘንጉ ለመጨረሻ ጊዜ ሲሳብ የቁጥሩ መስመር ሳይቆም ማደጉን ቀጠለ። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ፌርሚ እንዲዘጋ አደረገ። የተገኘው ኃይል ግማሽ ዋት ያህል ነበር፤ አንዲት አነስተኛ አምፖል እንኳ በቅጡ የማያበራ ነው።

የደኅንነት አሠራሩ

ፌርሚ በከተማ መካከል ይህን ለማድረግ የደፈረው በዕድል ተማምኖ አልነበረም። እምነቱ በሦስት ነገሮች ላይ ነበር።

የመጀመሪያው አዝጋሚ አቀራረብ ነው። ከዚያ ቀን በፊት ቡድኑ በኮሎምቢያና በቺካጎ ሰንሰለቱን ማስቀጠል የማይችሉ ወደ 30 የሚጠጉ ትናንሽ ክምሮችን ሠርቶ ለክቷል። ትልቁ ክምር ሲሠራም በየድርብርቡ የኒውትሮኑ ብዛት ይለካ ነበር። ልኬቱ በወረቀት ላይ ሲነደፍ መስመሩ ዜሮን የሚነካው 57ኛው ድርብርብ አካባቢ እንደሚሆን ታወቀ። ዛሬም አዲስ ነዳጅ ወደ ሪአክተር ሲገባ ባለሙያዎች በመሠረቱ ይህንኑ ዘዴ ይከተላሉ።

ሁለተኛው ተደራራቢ መከላከያ ነው። በእጅ ከሚንቀሳቀሰው ዘንግ ሌላ፣ ጨረራው ከወሰን ሲያልፍ በራሱ የሚወርድ ዘንግ ነበር። ሌላ ካድሚየም ያለበት ዘንግ በገመድ ታስሮ ተንጠልጥሏል፤ ኖርማን ሂልቤሪ አስፈላጊ ከሆነ ገመዱን ለመቁረጥ መጥረቢያ ይዞ ቆሞ ነበር። ሁሉም ባይሠሩ ደግሞ በክምሩ አናት ላይ የቆሙ ወጣት ተመራማሪዎች ኒውትሮን የሚውጥ የካድሚየም ፈሳሽ በባልዲ ይዘዋል። አንዱ መከላከያ ቢከሽፍ ሌላው እንዲተካ፣ የመጨረሻውም የኤሌክትሪክ ኃይል ሳያስፈልገው እንዲሠራ ማድረግ ዛሬም የሪአክተር ደኅንነት ዋና መርሕ ነው።

ሦስተኛው የተፈጥሮ ስጦታ ነው። ከክፍፍል የሚወጡት ኒውትሮኖች ሁሉ በአንድ ጊዜ አይወጡም። በዩራኒየም-235 ከመቶ አንድ የማይሞሉት (0.65 በመቶ ያህል) ከክፍፍሉ ቁርጥራጮች ዘግይተው፣ ከሰከንድ ክፍልፋይ እስከ አንድ ደቂቃ ገደማ ቆይተው ይወጣሉ። ይህ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም ወሳኝ ነው። ለምሳሌ እያንዳንዱ የኒውትሮን ትውልድ አንድ ሺህኛ ሰከንድ ቢፈጅና በየትውልዱ ቁጥሩ በሺህ አንድ ብቻ ቢጨምር፣ በ10 ሰከንድ ውስጥ ኃይሉ ከ20,000 እጥፍ በላይ ያድጋል። ማንም ሰው በዚህ ፍጥነት ዘንግ ሊያንቀሳቅስ አይችልም። የሚዘገዩት ኒውትሮኖች ሲጨመሩ ግን ዕድገቱ በደቂቃ የሚቆጠር ይሆናል። ሪአክተር በሰው እጅ ሊመራ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው፤ የማባዣው ቁጥር የሚዘገዩትን ሳይጠብቅ ራሱን ወደሚችልበት ደረጃ ፈጽሞ እንዳይደርስ መጠበቅም የዲዛይን ሁሉ መጀመሪያ ነው።

የሃንፎርድ ሪአክተርና ዜኖን

ከቺካጎ በኋላ በዋሽንግተን ግዛት በሃንፎርድ ፕሉቶኒየም ለማምረት ትልቅ ሪአክተር ተሠራ። ለ250 ሚሊዮን ዋት የታቀደው ቢ-ሪአክተር በሴፕቴምበር 1944 ፌርሚ በተገኘበት ሥራ ጀመረ። ከሰዓታት በኋላ ኃይሉ ያለምክንያት እየቀነሰ ሄዶ ቆመ፤ ሌሊቱን ካረፈ በኋላ እንደገና ተነሣ፤ ዳግመኛም ወደቀ። ጆን ዊለርና ፌርሚ የመውደቁንና የመነሣቱን ጊዜ በመመርመር ምክንያቱን ለዩ። ከክፍፍል በኋላ የሚፈጠረው አዮዲን-135 ወደ ዜኖን-135 ይለወጣል፤ ዜኖን-135 ደግሞ ከሚታወቁት ሁሉ ኒውትሮንን በብርቱ ከሚውጡት አንዱ ነው። ግማሽ ዕድሜው 9 ሰዓት ያህል ስለሆነ ሪአክተሩ ሲያርፍ ይጠፋል፣ ሲሠራ ይመለሳል። ኃይሉ ግማሽ ዋት በነበረው የቺካጎ ማብለያ ይህ ሊታይ አይችልም ነበር።

ሥራውን ያዳነው የዱፖንት ኩባንያ መሐንዲሶች ጥንቃቄ ነበር። የፊዚክስ ሊቃውንቱ 1,500 የነዳጅ ቱቦዎች ይበቃሉ ቢሉም መሐንዲሶቹ 2,004 ቱቦዎች እንዲኖሩ አድርገው ስለነበር፣ ተጨማሪዎቹ ሲሞሉ የዜኖን ጫና ተሸነፈ። ዜኖን ከ42 ዓመት በኋላ በቼርኖቤል እንደገና ተከሠተ፦ በኤፕሪል 1986 ኃይሉ ወርዶ ዜኖን ሲጠራቀም ሠራተኞቹ ኃይሉን ለመመለስ አብዛኞቹን መቆጣጠሪያ ዘንጎች አወጡ፤ ይህም ለፍንዳታው ካበቁት ምክንያቶች አንዱ ሆነ።

የአቶም ቦምብ

በ1944 ፌርሚ ወደ ሎስ አላሞስ ተዛወረ። ጁላይ 16 ቀን 1945 የመጀመሪያው ቦምብ በኒው ሜክሲኮ በረሃ ሲፈነዳ፣ የፍንዳታው ነፋስ ሲደርስ ቁርጥራጭ ወረቀቶችን ከእጁ ለቆ በስንት እርምጃ እንደተገፉ ለካ። ከዚያም ኃይሉ 10,000 ቶን ቲኤንቲ ያህል እንደሆነ ገመተ። በመሣሪያ የተገኘው ውጤት ከ20,000 ቶን ያልፋል፤ በወረቀት ብጣሽ ለተሠራ ስሌት ግን ቅርብ ነው። እንዲህ በጥቂት መረጃ ተነሥቶ የአንድን ነገር መጠን መገመት «የፌርሚ ጥያቄ» ተብሎ እስከ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ይሠራበታል።

ቦምቡ በጃፓን ላይ እንዲጣል ወይም እንዳይጣል ምክር እንዲሰጡ ከተጠየቁት አራት ሊቃውንት አንዱ ፌርሚ ነበር፤ አራቱም ጦርነቱን ሊያቆም የሚችል ሌላ የማሳያ መንገድ አላገኘንም የሚል አስተያየት ሰጡ። በሂሮሺማና በናጋሳኪ ያለቀው ሕዝብ ብዛት ስሙን ከዚህ ውሳኔ ጋር ለዘላለም ያያይዘዋል። በ1949 ግን ከኢሲዶር ራቢ ጋር ሆኖ የሃይድሮጅን ቦምብ መሥራትን በሥነ ምግባር ምክንያት የሚቃወም ጽሑፍ ለመንግሥት አቀረበ። ፕሬዚዳንት ትሩማን እንዲሠራ ከወሰኑ በኋላ ደግሞ በሎስ አላሞስ በስሌቱ ተሳትፏል። በ1954 ሮበርት ኦፐንሃይመር በታማኝነቱ ተጠርጥሮ ሲመረመር ቀርቦ መሰከረለት።

ስሌትና ኮምፒውተር

የኒውትሮንን ጉዞ በቀጥታ ሒሳብ መፍታት ከባድ ነው። አንድ ኒውትሮን ሊጋጭ፣ ሊዋጥ፣ ሊያመልጥ ወይም አዲስ ክፍፍል ሊፈጥር ይችላል፤ የትኛው እንደሚሆን የሚወሰነው በዕድል ነው። ፌርሚ በ1930ዎቹ በሮማ ሳለ የኒውትሮኖችን ጉዞ በዘፈቀደ ቁጥሮች እየተከተለ ያሰላ እንደነበር ሴግሬ በኋላ ተናግሯል፤ ፌርሚ ራሱ ግን ዘዴውን አላሳተመውም። ከጦርነቱ በኋላ ስታኒስላው ኡላም፣ ጆን ፎን ኖይማንና ኒኮላስ ሜትሮፖሊስ ይህንኑ ሐሳብ ለኮምፒውተር አዘጋጅተው ሞንቴ ካርሎ የሚል ስም ሰጡት። ኤኒያክ የተባለው ኮምፒውተር ወደ አዲስ ቦታ ሲዛወር ሥራ ስለተቋረጠ፣ ፌርሚ በ1947 በወረቀት ላይ እየተንከባለለ የኒውትሮኖችን መንገድ የሚሥል አነስተኛ የናስ መሣሪያ አሠራ። መሣሪያው ፌርሚያክ ተባለ።

ዛሬ በሎስ አላሞስ የተሠራው ኤምሲኤንፒ፣ በአሜሪካ የተጀመረውና ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነው ኦፕን ኤምሲ፣ በፊንላንድ የተሠራው ሰርፐንትም በዚሁ መርሕ ይሠራሉ። በአንድ ጊዜ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኒውትሮኖችን ከልደት እስከ ሞት በመከተል የሪአክተሩን የማባዣ ቁጥር ያሰላሉ፤ የተቃጠለ ነዳጅ የሚጓጓዝበት ዕቃ ግድግዳ ምን ያህል ውፍረት እንደሚያስፈልገውም ለማወቅ ያገለግላሉ። የተከተሉት ኒውትሮን ብዛት አራት እጥፍ ሲሆን የስሌቱ ስሕተት በግማሽ ብቻ ስለሚቀንስ፣ ፈጣን ኮምፒውተር ማግኘት ለዘርፉ ሁልጊዜ ትልቅ ጉዳይ ነው።

ፌርሚ ኮምፒውተርን እንደ ሙከራ ቤትም አየው። በ1953 ከጆን ፓስታና ከኡላም ጋር፣ በሜሪ ጺንጉ ፕሮግራም አዘጋጅነት፣ በሰንሰለት የተያያዙ ሞላዎችን እንቅስቃሴ በማኒያክ ኮምፒውተር አስመስለው አሰሉ። ኃይሉ በሁሉም ሞላዎች መካከል ይሰራጫል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ከጊዜ በኋላ ወደ መጀመሪያው ሁኔታ ተመልሶ ተገኘ። ይህ ያልተጠበቀ ውጤት ለዘመናዊ የትርምስ ሳይንስ በር ከፈተ።

የቀረው ዝቃጭ

የቺካጎ ማብለያ በ1943 መጀመሪያ ፈርሶ በአርጎን ደን ቺካጎ ፓይል-2 ተብሎ እንደገና ተሠራ። በ1954 ከተዘጋ በኋላ ቅሪቱ በ1956 እዚያው ሬድ ጌት በተባለው ደን ተቀበረ። በአቅራቢያውም በ1940ዎቹ የቤተ ሙከራው ጨረራ አመንጪ ዝቃጭ የተቀበረበት ሌላ ቦታ አለ። በ1970ዎቹ በደኑ መዝናኛ ጉድጓዶች ውስጥ ትሪቲየም በመገኘቱ ውሃው በቋሚነት ይመረመር ጀመር። ዛሬ በቦታው ላይ መቆፈር እንደማይገባ የሚያሳስብ የድንጋይ ምልክት ቆሟል።

የሃንፎርድ ጉዳይ ከዚህ እጅግ ይከብዳል። ከፕሉቶኒየም ማጣራት የቀረው ወደ 210 ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ ዝቃጭ በ177 የመሬት ውስጥ ጋኖች ተከማችቷል፤ አንዳንዶቹ አፍስሰዋል። ዝቃጩን ከመስታወት ጋር አቅልጦ የማጠንከሩ ሥራ አሥርተ ዓመታትን የሚፈጅ ነው። የፕሉቶኒየም-239 ግማሽ ዕድሜ 24,100 ዓመት ስለሆነ፣ ፊንላንድን የመሳሰሉ አገሮች የተቃጠለ ነዳጅን በመዳብ ዕቃ አሽገው ከ400 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው አለት ውስጥ ለመቅበር ዋሻ ሠርተዋል።

ፌርሚ ይህን አስቀድሞ ያሰበበት ይመስላል። የሥራ ባልደረባው አልቪን ዋይንበርግ እንደመሰከረው፣ ገና በጦርነቱ ዘመን ፌርሚ ይህን ያህል ጨረራ የሚያመነጭና ለቦምብ የሚሆን ቁስ የሚሰጥ የኃይል ምንጭ ሕዝብ መቀበሉን እንደሚጠራጠር ተናግሮ ነበር።

የመጨረሻ ዓመታትና ሞት

ከጦርነቱ በኋላ ፌርሚ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ከእሱ ዘንድ የዶክትሬት ትምህርታቸውን የተከታተሉት ጹንግ-ዳዎ ሊ፣ ኦወን ቻምበርሌን፣ ጃክ ስታይንበርገርና ጀሮም ፍሪድማን ሁሉም በኋላ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

በ1954 የጨጓራ ካንሰር እንደያዘው ታወቀ። ሴግሬ ሆስፒታል ሊጠይቀው በሄደ ጊዜ ፌርሚ በቱቦ የሚሰጠውን ምግብ ጠብታዎች በሰዓት እየቆጠረ ፍጥነቱን ሲለካ አገኘው። ኖቬምበር 28 ቀን 1954 በ53 ዓመቱ ሞተ፤ በቺካጎ በኦክ ዉድስ መካነ መቃብር ተቀበረ። ባለቤቱ ላውራ ስለ ትዳር ሕይወታቸው የጻፈችው መጽሐፍ በዚያው ዓመት ታትሟል።

መታሰቢያ

መቶኛው ንጥረ ነገር ፌርሚየም በስሙ ተሰይሟል። በቺካጎ አቅራቢያ የሚገኘው የቅንጣት ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ፌርሚላብ፣ በ2008 ወደ ጠፈር የመጠቀው የጋማ ጨረራ ቴሌስኮፕና የአሜሪካ መንግሥት የሚሰጠው የፌርሚ ሽልማትም ስሙን ይዘዋል።

በሚሺጋን ግዛት የተሠራ በሶዲየም የሚቀዘቅዝ ሪአክተርም ኤንሪኮ ፌርሚ ተብሎ ነበር። በኦክቶበር 1966 ከሪአክተሩ ውስጥ የተላቀቀ የዚርኮኒየም ቁራጭ የሶዲየሙን መተላለፊያ ዘጋ፤ ጥቂት ነዳጅም ቀለጠ። ወደ አካባቢው የወጣ አደገኛ ጨረራ ባይኖርም ሪአክተሩ ለዓመታት ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በ1972 ለመጨረሻ ጊዜ ሥራ አቆመ። የዘጋው ቁራጭ በመጀመሪያው ንድፍ ያልነበረ፣ ለደኅንነት ሲባል መጨረሻ ላይ የተጨመረ ክፍል ነበር።